ማልዶ የሚነሣው ሰባኪ

ለጠዋት ጸሎት ተቀጣጥረን ስንቀር ብዙ ጊዜ የምናሳብበው በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ ከእንቅልፉ ጋር ታግሎ ያሸነፈ የአንድ የእግዚአብሔር አገልጋይ ታሪክ ላካፍላችሁ።

ጆን ዌስሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1703 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ኤፕወርዝ በተባለች ትንሽ ከተማ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤታቸው ሌሊት በእሳት ሲጋይ በመስኮት አውጥተው ለጥቂት አተረፉት። እናቱ ሱዛናም እግዚአብሔር ያተረፈውን ልጅ በተለየ ጥንቃቄ ለማሳደግ ወሰነች።

ዌስሊ በወጣትነቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ እየነቃ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ነገሩን ሲመረምር፣ ሰውነቱ ከሚፈልገው በላይ አልጋ ላይ እንደሚቆይ ጠረጠረ። ስለዚህ የደወል ሰዓት አዘጋጅቶ በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሣ፤ ሌሊቱን ግን እንደገና ነቃ። በማግሥቱ 12 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን 11 ሰዓት ተነሣ፤ አሁንም ሌሊት መንቃቱ አልቀረም። በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲነሣ ግን የዚያን ሌሊት ሳይነቃ አደረ። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በዚሁ ሰዓት መነሣትን ልማዱ አደረገ።

ነገር ግን አንድ ቁም ነገር እናስተውል። ዌስሊ በኦክስፎርድ ሳለ ማልዶ ይነሣ፣ ይጾም፣ እስረኞችንም ይጠይቅ ነበር፤ ልቡ ግን ሰላም አላገኘም። በ1735 ዓ.ም. ለወንጌል ሥራ ወደ አሜሪካ ሄዶ አዝኖ ተመለሰ። ግንቦት 24 ቀን 1738 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በአንድ የምሽት ጉባኤ ተቀምጦ ሳለ ግን የሚያድነው ትጋቱ ሳይሆን ክርስቶስ ብቻ መሆኑን አመነ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ማልዶ መነሣቱን ተወ? አልተወም! በፊት ሰላም ለማግኘት ይነሣ የነበረው ሰው፣ አሁን ያገኘውን ለሌላው ለማካፈል ይነሣ ጀመር። ሠራተኞች ወደ ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት ቃሉን እንዲሰሙ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይሰብክላቸው ነበር። በፈረስ ሲጓዝም መጽሐፍ ያነብ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቱ ለጤንነቱ ምክንያት ካላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ማልዶ መነሣቱ ነበር። በ1784 ዓ.ም. አንዳንድ ተከታዮቹ የማለዳውን ስብከት መተዋቸውን ሲያይ፣ የፊተኛው ፍቅራቸው መቀዝቀዙ ነው ብሎ እጅግ አዘነ። በ1791 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ወደ ጌታው ሄደ።

ወጣቶች ሆይ! ዌስሊ ሰውነቱን አልበደለም፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል መተኛት እንደሚያስፈልገው ስላወቀ በጊዜ ይተኛ ነበር። እኛ ግን እስከ እኩለ ሌሊት በወሬ አምሽተን ጠዋት አልጋችንን እንወቅሳለን። እንግዲህ ትግሉ የሚጀምረው ከማታው ነው። ማልዶ መነሣት አያድነንም፤ የዳነ ሰው ግን ቀኑ የማን እንደ ሆነ ያውቃል። ዌስሊ በአንድ ቀን 10 ሰዓት ላይ አልደረሰም፤ እኛም ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን እንነሣና በጸሎት እንጀምር።

እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።