እናታቸውን የቀደዱት ሐኪም

ድንበር በሚከፍላት በሞያሌ፣ በኬንያም በኩል ሆነ በእኛ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻ የሚዘልቅ ውጋት ሲጀምር ጨጓራ ነው ብሎ ችሎ የሚያሳልፈው ሰው ጥቂት አይደለም። ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን የሚቆይም አለ። ዛሬ የምናስተዋውቀው ይህንኑ ሕመም በቢላዋ ለመግጠም ቀድመው ከደፈሩት ሐኪሞች አንዱን ነው።

ዊልያም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1852 በኒውዮርክ ተወለዱ። በየል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከመጽሐፍ ይልቅ ኳስ ያፈቅሩ ነበር። በ1877 በሐኪምነት ተመርቀው በቪየናና በጀርመን ከተሞች ሙያቸውን አዳበሩ።

በ1882 እናታቸው በጠና ታመው ወደ ኦልባኒ ተጠሩ። ሕመሙ የሐሞት ከረጢት መሆኑን ተረዱ፤ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እናታቸውን በማዕድ ቤት ጠረጴዛ አጋድመው ከረጢቱን ከፈቱ፤ መግሉን አፍስሰው 7 ጠጠር አወጡ። እናትየው ዳኑ። በበርሊን ካርል ላንገንቡሕ ከረጢቱን ጨርሶ ቆርጦ ማውጣትን የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነበር።

ሃልስቴድ ከ1884 ጀምሮ ኮኬይንን በማደንዘዣነት በገዛ አካላቸው ሲፈትኑ ሱስ ያዛቸው፤ ከዚያም ሞርፊን ተከተለ። ይህን መሰወር ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። ሆኖም በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ብዙ ቀዳጅ ሐኪሞችን አፈሩ። የላስቲክ ጓንት ያሠሩትም የረዳት ነርሳቸው እጅ በጀርም መግደያ መድኃኒት ስለቆሰለ ነበር፤ ነርሷን በ1890 አገቡ።

ጠጠር ከከረጢቱ ሾልኮ ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት በሚያወርደው ቦይ ሲወተፍ ግን ነገሩ ይከፋል። ሐሞቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሰውነት ቢጫ ይሆናል፣ መመረዙም ወደ ጉበት ይወጣል። ወስፋት እንኳ ወደዚህ ቦይ ገብቶ ጉበት ውስጥ ጠጠር እንዲቋጠር ሊያደርግ ይችላል።

ይኸው ሕመም ሃልስቴድንም አገኛቸው። በ1919 የሐሞት ከረጢታቸው ወጣ፤ በ1922 ግን ሕመሙ ተመለሰ። ጠጠርን በአፍ በሚገባ ቱቦ ከቦይ ማውጣት የተጀመረው በ1970ዎቹ በመሆኑ፣ ያኔ ሆድን ዳግመኛ ከመክፈት በቀር መንገድ አልነበረም። የቀደዷቸው እርሳቸው ያሠለጠኗቸው ሐኪሞች ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሳንባ ምች ያዛቸውና፣ 70 ዓመት ሊሞላቸው 16 ቀን ሲቀር፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1922 ዐረፉ።