ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ መጻሕፍትን ቆጥረው ለሕዝብ ያስታወቁ ሰው



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ ስለያዘ ጥሩምባው ይቅር፣ ይህም ዓመታዊ መጽሔት ለወረቀትና ለማሳተሚያ ወጪ ስለሚያስወጣ ይቅር፣ የቀብሩም ጥሪ የሒሳቡም ሪፖርት በቴሌግራም ይድረሰን የሚል ነበር። ብዙ ክርክር ተደርጎበት ለዘንድሮው ጉባኤ ተላልፏል። እኛም እጃችንን ከማውጣታችን በፊት፣ ኅትመት በአገራችን ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን የደከሙትን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ብናነብ ለውሳኔያችን ይረዳል ብለን ስላሰብን ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናቀርባለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። እንደ ዘመናቸው ልጆች የቤተ ክህነቱን ትምህርት በአገራቸው ጀምረው ከዚያ ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጥተው ቀጠሉ። ፈረንጅ አገር ሄደው ኮሌጅ የገቡ ሰው አልነበሩም። ያነበቡትና የጻፉት ሁሉ ከፊደል ገበታና ከዳዊት የተነሣ ነው። ይህን የምንለው እንደኛ ያለ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ እንዲጠና ነው።

እሳቸው ሲያድጉ መጽሐፍ ማለት ብራና ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ጎንበስ ብሎ ወራት ይቆጥራል። ዋጋውም የሀብታም ወይም የደብር እንጂ የድኻ አልነበረም። በአውሮፓ ጉተንበርግ የተባለው ጀርመናዊ መጽሐፍ ቅዱስን በማተሚያ መኪና ያተመው እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ ሲሆን፣ የኛው የግዕዝ ፊደል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ ከተማ መዝሙረ ዳዊት ታትሞበታል። ምን ዋጋ አለው! ፊደሉ በባዕድ አገር በመኪና ሲታተም ባለቤቱ አገር ብዙ መቶ ዓመት በብራና ቆየ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አእምሮ የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር እንኳ በእጅ እየተጻፈ በሳምንት 24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር ይባላል። ዛሬ ከኛ እድር አባላት ለግማሹ እንኳ አይዳረስም ነበር ማለት ነው።

ኅሩይ በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንደን ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም. ለኛ እጅግ የሚገርመንን ሥራ አወጡ። ይኸውም በኢትዮጵያ የሚገኙ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር፣ ካታሎግ የሚሉት ነው። ታሪክ አይደለም፣ ስብከትም አይደለም፣ የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ነው። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ጨምረውበትና አስፍተውት እንደገና አሳተሙት።

አንዳንድ ሰው ዝርዝር ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። እኛ ግን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ሰዎች ነገሩ ይገባናል። መዝገብ ያልተያዘለት ፋይል ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎም የጠፋ ፋይል ነው። ባለጉዳይ ሲመላለስ ይከርማል፣ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። በያንዳንዱ ደብርና ገዳም ዕቃ ቤት ተቆልፎበት የነበረው መጽሐፍም እንዲሁ ነበር። ያለው መሪጌታ መኖሩን ያውቃል፣ የሌለው ደግሞ ምን እንደቀረበት እንኳ አያውቅም። አንድን ነገር ለመጠየቅ አስቀድሞ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኅሩይ ያደረጉት ይህን ነው፤ ለሕዝቡ ያለውን ንብረት ቆጥረው አስታወቁት።

ከዚያ ወዲያ ማተሚያው ሥር ያዘ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። በዚያው ስም የሚጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣም ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ኅሩይም ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቆሙ። የመንግሥት ሥራ ደራርበው ይዘው፣ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተው፣ ፍርድ ቤት ተቀምጠው፣ በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን ዞረው፣ በዚህ ሁሉ መካከል ከሃያ የሚበልጡ መጻሕፍት ጽፈዋል። መቼ ይተኙ ነበር ያሰኛል።

ከመጻሕፍታቸው ሁለቱ ለኛ ለእድረተኞች ቅርብ ናቸውና ጥቂት እንቆይባቸው።

የመጀመሪያው በ1915 ዓ.ም. የታተመው «የሕይወት ታሪክ» ነው። በውስጡ ቀድመው የነበሩትንና በዘመናቸው የሚያውቋቸውን ሰዎች ታሪክ በአጭር በአጭሩ መዝግበዋል፣ በኋላ የሚነሡ ልጆች እንዲያውቁት ብለው። ከዚያ በፊት በሰፊው የሚጻፈው የንጉሥና የጻድቅ ታሪክ ነበር። የሌላው ሰው ስም የሚዘልቀው አልቃሽ እስካነሣችው፣ ልጆቹ እስካስታወሱት ድረስ ነው። በወረቀት ታትሞ ሲቀር ግን የሞተው ሰው ለማያውቀውም ይደርሳል። እድራችን በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ የተለዩንን አባላት ስም የሚያወጣው ከዚህ ምን ይለያል? አንድ እናት ሟች ባለቤታቸው ስሙ ያለበትን ቅጠል ከግድግዳ ላይ በመስተዋት አድርገው እንደሰቀሉት በዓይናችን አይተናል። ከስልክ ላይ ምን ይሰቀላል?

ሁለተኛው በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ነው። አወቀ የተባለ ወጣት ፈረንሳይ አገር ተምሮ ወደ ሸዋ ይመለሳል። አባቱ ሲሞቱ ለተዝካር በሚወጣው ወጪ ከዘመድና ከካህናት ጋር ይጋጫል። ድግሱ ይቅር ቢል የአባቱን ነፍስ የናቀ መሰለ፣ ይደገስ ቢል ደግሞ ሀብቱ በጠላና በጠጅ ሊያልቅ ነው። ወገኖቼ፣ ይህ ክርክር ዛሬም በድንኳናችን ውስጥ አለ እኮ! የሰልስቱ ምግብ ይቀንስ፣ ለሐዘንተኛው ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ አይሰጥ ስንል ስንት ስብሰባ ተቀመጥን። ኅሩይ ይህን ነገር በአደባባይ ቢናገሩት ያጣላቸው ነበር። በመጽሐፍ ስላሳተሙት ግን ሰው ቤቱ ሆኖ ብቻውን አነበበው፣ ሳይቆጣ አሰበበት። ኅትመት ካመጣው ነገር አንዱ ይህ ይመስለናል። ቃል ከአንደበት ወጥቶ ወዲያው ጠብ ከሚያስነሣ፣ በወረቀት ላይ ተቀምጦ ሰውን መታገሥ ቻለ።

በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ጃፓን ድረስ ሄደው ያዩትን ጽፈው ለአገራቸው ሰው አቀረቡ። ነገር ግን ወራሪው ፋሺስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገር ሲይዝ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በአገር ቤት በጣልያን ተገደለ። እሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ፤ እዚያም ተቀበሩ። የስንቱን ሰው ሕይወት የመዘገቡ ሰው ጥሩምባ በማይነፋበት፣ ጎረቤት ድንኳን በማይተክልበት አገር አፈር መልበሳቸው እድርተኛ ለሆነ ሰው ልብ ይነካል።

እንግዲህ ሙገሳ ብቻ አንጻፍ። ማተሚያ መጣ ማለት ዕውቀት ለሁሉ ደረሰ ማለት አልነበረም። የብርሃንና ሰላም ጋዜጣም የኅሩይም መጻሕፍት የደረሱት ማንበብ ለሚችለው፣ ያውም አማርኛ ለሚያነበው ነው። በዚህ ረገድ ኦነሲሞስ ነሲብን ሳናነሣ ብናልፍ ያስወቅሰናል፤ በተለይ እኛ የዓለም ገና ሰዎች ግማሻችን በኦሮምኛ እያለቀስን ግማሻችን በአማርኛ የምናጽናና ስለሆንን። እሳቸው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር አሳትመውታል። ብዙኃኑ ሕዝብ ፊደል እስኪቆጥር ግን ገና ብዙ ዘመን ይጠብቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርና ትምህርቱ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ሽማግሌዎች በፋኖስ ብርሃን ሀ ሁ ሲሉ ያየን ሰዎች ነን።

አሁን ደግሞ ኢንተርኔት መጣ። ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ጥቅሙን የሚክድ ሰው ዓይን የለውም። ድሮ ደብዳቤ በካርቦን ሦስት ቅጂ ስናወጣ፣ ስቴንስል መትተን ማባዣውን ስንጠመዝዝ እጃችን በቀለም ይጠቁር ነበር። ዛሬ የልጅ ልጃችን አውራ ጣቱን ቢነካ መቶ ሰው ዘንድ ይደርሳል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የየገዳሙ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ኅሩይ ስማቸውን ብቻ ሊያስታውቁን የቻሉትን ዓይነት መጻሕፍት እኛ ገጻቸውን እናያለን። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ያየነውንም እንናገር። በቴሌግራማችን ላይ አንድ ጊዜ በስም መመሳሰል የተነሣ ያልሞተ ሰው ሞተ ተብሎ ተላልፎ፣ ነጠላ አዘቅዝቀን ደጁ ስንደርስ ራሱ ወጥቶ ምን ሆናችሁ ብሎን እናውቃለን። ሳቅን፤ ባለቤቱ ግን ሳምንት ታመሙ። ጥሩምባ ነፊው እንዲህ አይሳሳትም፣ ምክንያቱም ከመንፋቱ በፊት ከሐዘንተኛው ቤት ይገባል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥም፣ በዚያ ክረምት የተለዩንን አባላት የቀበርናቸው በጥሩምባ ነው። ደግሞም ስልክ የሌላቸው፣ ቢኖራቸውም ዓይናቸው የደከመ እናቶች አሉን። ለወርሃዊ መዋጮ እኩል እየከፈሉ ለዜናው ግን የመጨረሻ ሰሚ ሊሆኑ ነው?

ስለዚህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ቴሌግራሙ ይቀጥል፣ ፈጣን ነው። ጥሪ የሚለጥፈው ግን ከሟች ቤት ደርሶ ያረጋገጠ የኮሚቴ አባል ብቻ ይሁን። ጥሩምባውም ይነፋ፣ ከስልኩ ውጭ ያሉትን ይጠራልና። ይህም መጽሔት ቢያንስ የሟቾችን ስምና የሒሳቡን ዝርዝር ይዞ በየዓመቱ ይታተም። ገጹ ይቀነስ ከተባለም የኛ ጽሑፍ ይቀነስ፣ የስሞቹ ዝርዝር ግን እንዳይነካ።

ኅሩይ ማተሚያ መኪና አልፈለሰፉም፤ መኪናውስ ከውጭ የመጣ ነው። የሳቸው ሥራ ያለውን መቁጠር፣ የሞተውን መመዝገብ፣ ላልደረሰው ማድረስ ነበር። ይህን ሥራ ማተሚያውም ስልኩም በራሱ አይሠራውም፤ ሰው ይፈልጋል። በኛ እድር ያ ሰው ማን ይሁን የሚለውን በጉባኤው እንመካከርበት።

ለሐዘን ሳይሆን ለደስታ ያገናኘን። የተለዩንን አባላት ነፍስ ይማር።