ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ሠዓሊና መምህር

በዚህ ተቋም ከምንገኘው ዕጩ መምህራን መካከል በደብተሩ የኋላ ገጽ ግጥም የሚጽፍ ወይም ሥዕል የሚሞካክር ጥቂት አይደለም። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም የመጣነው በዚህ እንመሳሰላለን። ታዲያ ማታ ማታ መኝታ ቤት የሚነሣው ጥያቄ መምህርነት ይህን ነገር ይገድልብን ይሆን ወይ የሚል ነው። በበኩሌ ለዚህ የሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሕይወት ማየቱ ይበጃል ባይ ነኝ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ፣ በብራና ላይ ይጽፉና ያስጌጡ ነበር። እንግዲህ ልጁ ቀለም ሲበጠበጥና መስመር ሲሰመር እያየ ነው ያደገው፤ የመጀመሪያው አስተማሪውም አባቱ ናቸው። እገሌ ከባዶ ተነሥቶ ሠዓሊ ሆነ ሲባል እኔ አላምንም፤ የሆነ ቦታ ብሩሹን ያስያዘው ሰው አለ።

አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ግን ተወው። እርሻ ትቼ ሥዕል እሥላለሁ የሚልን ልጅ ዘመድ አዝማድ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። በ1957 ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘና ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። በ1961 በብልጫ ሲመረቅ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ዓመት የሚሠራበት ስቱዲዮ ሰጠው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተሰጠው ምስክር ወረቀትና ጭብጨባ ብቻ አይደለም እኮ፤ ክፍልና ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽኑንም እዚያው ኮሎኝ አሳየ።

በ1962 አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ትምህርት ቤቱን በ1958 ያቋቋሙት፣ በሱሉልታ በኩል ሽቅብ የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰው የሰላሌ ተወላጅ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል በጊዜው ብዙ ሰው ያልለመደው ነበር። ይህ የፈረንጅ እንጂ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም ብለው የተቹት ነበሩ። እሱ ግን አልተመለሰም፤ በቀይ ቀለም የተጥለቀለቀውን «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል የሠራው በዚያው ሰሞን፣ በ1963 ነው። የመምህር ደመወዝ ብዙ ባይሆንም የወር ነው። ደመወዝ ያለው ሰው ገዢ ወደደው አልወደደው እያለ ብሩሹን አያጥፍም፤ እኔ ነገሩን የማየው እንዲህ ነው። በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ሸለመው።

ከተማሪዎቹ መካከል ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ኮስሮፍ ይገኙበታል። ሁለቱም በዓለም የታወቁ ሠዓሊዎች ሆነዋል፤ የአንዱ ሥዕል ግን የሌላውን አይመስልም፣ የመምህራቸውንም አይመስልም። ለእኛ ለዕጩ መምህራን ይህቺ ነገር ትልቅ ናት። የራሱን አሣሣል ገልብጡ ብሎ ቢያስተምር ኖሮ የገብረ ክርስቶስ ቅጂዎች ብቻ ይቀሩን ነበር።

በደርግ ዘመን አገር ለቆ ወደ ጀርመን፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1981 በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ሎውተን በምትባል ከተማ ዐረፈ፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የማስተማሪያ ክፍሉም፣ ተማሪዎቹም፣ ቋንቋውን የሚሰማለትም አገር እዚህ ቀርቶ ነበር። ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ የታተሙት ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2006 ነው።

ጀርመን አገር ተቀምጠው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አገር ተመልሰው፣ በ2008 ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ከሰበታ ስድስት ኪሎ ታክሲ መቀያየር አለው እንጂ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ለተግባር ልምምድ ከመበታተናችን በፊት፣ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቀን፣ አንድ ቀን በኅብረት ብንሄድ ምን ይመስላችኋል? መምህራንም ጭምር። የምትፈልጉ ስማችሁን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ጻፉ፤ እርሳሱን በክር አስሬዋለሁ።