ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ፦ ከስልክ መስመር እስከ ውስጠኛው ጆሮ

የስልክ መሐንዲስ ሥራው በሽቦና በማጉያ መሣሪያ የተወሰነ መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም የማንኛውም የስልክ መስመር የመጨረሻው ጫፍ የአድማጩ ጆሮ ነው። ይህን እውነት ጠንቅቀው ተረድተው ዕድሜያቸውን ለምርምሩ ካዋሉት ሰዎች መካከል ሀንጋሪያዊው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤኬሺ በ1899 በቡዳፔስት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዲፕሎማት ስለነበሩ ትምህርታቸውን በሙኒክ፣ በቁስጥንጥንያ፣ በቡዳፔስትና በዙሪክ እየተዘዋወሩ ተከታተሉ። በበርን ኬሚስትሪ ካጠኑ በኋላ በ1923 ከቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለው በሀንጋሪ ፖስታ መሥሪያ ቤት የስልክ ምርምር ክፍል ሥራ ጀመሩ።

በዚያም ከስልኩ ክፍሎች የትኛው ቢሻሻል ይበልጥ እንደሚጠቅም ለማወቅ አስቀድሞ የጆሮን ችሎታ መመርመር እንደሚያስፈልግ ተገነዘቡ። በዘመኑ ገናና የነበረው የሄልምሆልትዝ አስተሳሰብ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጭረቶች እንደ በገና አውታር እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ድምፅ ይርገበገባሉ የሚል ነበር። ቤኬሺ ከአስከሬን የተወሰደ ጆሮ በረቂቅ መሣሪያዎች ከፍተው፣ የብር ብናኝ ነስንሰው፣ በብልጭታ ብርሃንና በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ያዩትም በስሱ ሽፋን ላይ የሚጓዝ ሞገድ ነበር። ቀጭን ድምፅ ርካብ በተባለው አጥንት አጠገብ፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ በሩቁ ጫፍ በኩል ከፍተኛውን እርግብግቢት ይፈጥራል። ይህንኑ በ1928 በጽሑፍ አወጡ።

በ1946 ወደ ስዊድን፣ በ1947 ደግሞ በአሜሪካ ወደሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በዚሁ በ1947 አዲስ የመስማት መመርመሪያ መሣሪያ ለሙያው ዓለም አቀረቡ። ተመርማሪው ድምፁን እስከሰማ ድረስ ቁልፍ ይጫናል፤ ድምፁም እየቀነሰ ይሄዳል። መስማት ሲያቅተው ቁልፉን ይለቃል፤ ድምፁም መልሶ ይጨምራል። ብዕሩም የመስማቱን ወሰን በወረቀት ላይ እየተመላለሰ ይሥላል።

በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን በዚያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ሕይወት እየታደገ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ግን የማዞርና የመስማት ጉዳት ማስከተሉ ታወቀ። ቤኬሺ የመድኃኒትን ጉዳት አልመረመሩም፤ ነገር ግን ጉዳቱ የት እንደሚጀምር ለመረዳት የእርሳቸው ካርታ ይጠቅማል። እንደ ካናማይሲን ያሉ የዚሁ ወገን መድኃኒቶችና ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚያጠፉት በርካቡ አጠገብ የሚገኙትን፣ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ነው። የንግግር ድምፅ በብዛት ከ8000 ሄርዝ በታች ስለሆነ ሕመምተኛው ጉዳቱን በጊዜ አያውቀውም። ባወቀው ጊዜ ደግሞ የሞተው ሕዋስ በሰው ጆሮ ዳግም አይበቅልም። ስለዚህ ምርመራው ሕክምናው ሲጀመር ተደርጎ፣ ከ8000 ሄርዝ በላይ ያለውንም ጨምሮ በየጊዜው ሊደገም ይገባዋል። ለውጥ ከታየ ሐኪሙ መጠኑን ለመቀነስ ወይም መድኃኒቱን ለመለወጥ ያስብበታል።

ቤኬሺ በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ምልከታቸው በአብዛኛው በሙት ጆሮ ላይ በመሆኑ ጉድለት ነበረበት። ሕያው ጆሮ እርሳቸው ካዩት እጅግ አጥርቶ ድምፅን እንደሚለይ ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች አረጋገጡ፤ የሞገዱ ጉዞና የቦታው ቅደም ተከተል ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል። በ1966 ወደ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በ1972 በሆኖሉሉ ዐረፉ።

ከሕይወታቸው እኛ የሙያ ባልደረቦች የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያ ስንሠራ ጫፉ ላይ ያለውን ሰው እንመርምር። እንደ ቶሉዊን ባለ የቀለም ማቅጠኛ ውሕድና በጩኸት መካከል የሚውለው ሠራተኛም ከመሣሪያዎቻችን ጫፍ ካሉት ሰዎች አንዱ ነው። የእርሱም ጆሮ መለካት ያለበት መስማት እንዳቃተው ሲናገር ሳይሆን ገና ደኅና ሳለ ነው።