ጥላሁን ገሠሠ

ጥላሁን ገሠሠ (መስከረም 17 ቀን 1933 – ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.) ታዋቂ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ነበር። በሀገር ፍቅር፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራና በብሔራዊ ቴአትር የሠራ ሲሆን፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ዘፍኗል። ከሀምሳ ዓመት በላይ በዘለቀው የሙዚቃ ሕይወቱ ዘፈኖቹ በራዲዮ፣ በሸክላ፣ በካሴትና በሲዲ ለአድማጭ ደርሰዋል። በ1960ዎቹ የተቀረጹት ሥራዎቹ ዛሬም በሠርግ ቤት፣ በታክሲና በሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ይሰማሉ።

የልጅነት ዘመን

ጥላሁን በጣሊያን ወረራ የመጨረሻ ዓመት፣ በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ንጉሤና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ተወለደ። ልጅ ሳለ ወደ ወሊሶ ተወስዶ ከአያቱ ዘንድ አደገ፤ ትምህርቱንም በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተከታተለ። አያቱ የልጁን የቀለም ትምህርት እንጂ ዘፈኑን አይወዱለትም ነበር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ሱዳናዊ መምህር ግን በሙዚቃው እንዲገፋበት ያበረታቱት ነበር።

የሀገር ፍቅር ቴአትር ባለሙያዎች ለትርዒት ወደ ወሊሶ በመጡ ጊዜ ፍላጎቱን ለኢዮኤል ዮሐንስ ነገራቸው። እሳቸውም ይህን ሥራ ከፈለገ ወደ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ገለጹለት። ጥላሁን ብዙም ሳይቆይ ከቤት ጠፍቶ በእግሩ እስከ ቱሉ ቦሎ ሄደና ከዘመዱ ከወይዘሮ ተመኔ ባንቱ ቤት አደረ። በማግስቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ፤ አንድ ሌሊት አድሮ ግን በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ እንደገና ጠፋ። በሁለተኛው አዲስ አበባ ገባ።

ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ጥላሁንን በታዳጊነቱ ተቀበለው። ከዚያም ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ባንዶች የመንግሥት ነበሩ፤ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። ዘፋኝ መሆን ማለት በአመዛኙ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆንና በወታደራዊ ሥርዓት ሥር መግባት ነበር። የክብር ዘበኛው ኦርኬስትራ ብዝነሽ በቀለን፣ ኋላም ማሕሙድ አሕመድን የመሳሰሉ ድምፃውያን የወጡበት ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ሲከሽፍ ጣጣው ለሙዚቀኞቹም ተረፈ። የሃያ ዓመቱ ጥላሁንም ተይዞ ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። በአማርኛ ዘፈን የፍቅር ግጥም ሁልጊዜ የፍቅር ብቻ ሆኖ አይሰማም፤ ሰምና ወርቅ የለመደ አድማጭ ስለ ተበደለ አፍቃሪ ሲዘፈን ሌላም ነገር ይሰማል። አንድ ዘፋኝ ምን ለማለት እንደፈለገ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ የጥላሁን ዘፈኖች በዚህ ጆሮ መሰማታቸው አልቀረም። ከእስር ከወጣ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሠርቷል።

የሸክላ ዘመን

ጥላሁን ዝናን ባተረፈባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ድምፁ በአብዛኛው የሚሰማው በመድረክና በራዲዮ ነበር። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ስለነበር በግል የሚታተም ዘፈን አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን የሰበረው ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፈቃድ ሳይጠብቅ ዐምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ በውጭ አገር ማሳተም ጀመረ። ድርጅቱ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። ፊሊፕስ ኢትዮጵያና የዓሊ አብደላ ኬይፋ ድርጅት የሆነው ኬይፋ ሪከርድስ ተከተሉት። ጥላሁን ለሦስቱም ዘፍኗል።

ትንሿ ሸክላ በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ ለአንዱ ዘፈን የሚደርሰው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። መድረክ ላይ እንደ ስሜቱ እያስረዘመ መዝፈን ለለመደ ድምፃዊ ይህ ጠባብ ልክ ነበር። ሆኖም የጥላሁን ምርጥ ቅጂዎች የሚገኙት በዚሁ ጠባብ ልክ ውስጥ ነው። መግቢያው አጭር ነው፤ የናስ መሣሪያዎቹ ሐረጉን ወርውረው ዝም ሲሉ ድምፁ ብቻውን ይቀራል። ቃሉን አይውጥም፣ እያንዳንዷ ፊደል ትሰማለች፤ ከዚያ በስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። ከባህላዊው የሠርግ ዘፈን የተወሰደው «ኩሉን ማን ኳለሽ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዛውንቶች በጭብጨባና በከበሮ የሚያውቁት ዜማ በዘመናዊ ባንድ ሲቀርብ መልኩን ሳይለቅ አዲስ ሆኗል።

የአገሪቱ የሸክላ ኅትመት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ድረስ ብቻ የቆየ ነው። አሥር ዓመት የማይሞላ ጊዜ ቢሆንም ዛሬ «የድሮ ዘፈን» ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ይኸው ዘመን ነው።

ወሎ በጥላሁን ሥራዎች

ጥላሁን የወሎ ተወላጅ ባይሆንም ሥራው ያለ ወሎ አይነገርም። የአማርኛ ዘፈን ከሚቆምባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ አካባቢዎች ነው። በትዝታ ቅኝት የዘፈናቸው ሥራዎች ከሁሉም ይልቅ ከስሙ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ።

ሁለተኛው ግንኙነት የከበደ ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ በመንግሥት ዘንድ ተሸፍኖ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ተገለጠ። ደርግ ይህንኑ ፊልም እንደገና አቀናብሮ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በቴሌቪዥን አሳየ። «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተሰኘው የጥላሁን ዘፈን በሕዝብ ትውስታ ውስጥ ከዚህ ረሃብ ጋር የተቆራኘ ነው። ዘፈኑ የተራበውን ሰው ጩኸት እየሰማ አላየሁም ማለት የማይችል ሰው ዘፈን ነው፤ ጥላሁንም ሲዘፍነው ያለቅስ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲመለስና ከቆረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ሲያናውጥ፣ የእንግሊዝ የሮክና የፖፕ ዘፋኞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ተሰባስበው ስለ ገና የሚናገር ዘፈን አወጡ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ታላቁ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። የዘፈኑ ርእስ ተረጂዎቹ ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው የቀረበላት ወሎ ግን በላስታ ተራሮች መካከል፣ በላሊበላ ከአለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ ገናን ለስምንት መቶ ዓመታት ያህል ስታከብር የኖረች አገር ናት። ገንዘቡ ሕይወት ማዳኑ የማይካድ ነው። ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ ለሚሰማ ሰው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ስለ ተራበው ሰው ከሩቅ ይጠይቃል፣ ሌላው ከቅርብ ሆኖ ያለቅሳል።

የካሴት ዘመንና ሮሃ ባንድ

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ገደለው፤ ዐምሃ እሸቴም አገር ለቆ ወጣ። ሸክላ ሲቆም ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገለበጣል፤ ለዘፋኙ ገቢ ይህ ጉዳት ቢሆንም ለአድማጩ በረከት ነበር። ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው እንደ ላስታ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮና ቴፕ ያለው ሰው የመንደሩ ዘፈን ቤት ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየተጎተተ ይወፍራል፤ ያኔ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

በካሴት ዘመን ጥላሁንን ካጀቡት መካከል ሮሃ ባንድ አንዱ ነው። ባንዱ ከአይቤክስ ባንድ የተገኘ ሲሆን ቤዝ ጊታሪስቱ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም የጀርባ አጥንቱ ነበሩ። ሮሃ የላሊበላ ከተማ የቀድሞ ስም ነው። ስለዚህ በብዙ የ1970ዎቹ ካሴቶች ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም ከጥንታዊቷ የላስታ ከተማ ስም ጎን ታትሞ ይገኛል። የባንዱ አጨዋወት ከኦርኬስትራው የቀጠነ ነው፤ የናስ መሣሪያው ቁጥር ቀንሶ ጊታሩና ኪቦርዱ ፊት ወጥተዋል። የክብር ዘበኛውን ግርማ የሚወዱ አድማጮች ይህን እንደ መክሳት ያዩታል። ይሁን እንጂ በሮሃ ቅጂዎች ላይ የጥላሁን ድምፅ የበሰለና የረጋ ነው፤ ዘፈኑም በሸክላ ልክ ስለማይቆረጥ ጊዜውን ወስዶ ይሄዳል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1985 ዓ.ም. በፋሲካ ዋዜማ ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በድምፁ የሚታወቅ ሰው በአንገቱ መጎዳቱ አገሪቱን አስደነገጠ። ቢሆንም ተርፎ ወደ መድረክ ተመለሰ። በኋላ የስኳር በሽታ ጠናበትና አንድ እግሩ ተቆረጠ፤ ያም ሆኖ መዝፈኑን አላቆመም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል፤ ከኢትዮጵያ የኪነ ጥበባትና የመገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅትም የሕይወት ዘመን ሽልማት ተቀብሏል።

ከአሜሪካ ወደ አገሩ እንደተመለሰ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት፣ በ68 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በተገኘበት የመንግሥት ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ዳግም ኅትመትና ቅጂዎቹ

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የድሮ ሸክላዎችን በሲዲ መልሶ አሳተመ። 17ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የጥላሁን ነው። በምዕራቡ ዓለም ግን በዚህ ተከታታይ ይበልጥ የታወቀው የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ሲሆን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ከተሰማ ወዲህ አድማጩ በዝቷል። ምክንያቱ አያስቸግርም። የሙላቱ ሙዚቃ ቃል የለውም፤ የጥላሁን ግማሽ ኃይል ደግሞ በቃሉ ላይ ነው። አማርኛ ለማይሰማ ሰው ውብ ድምፅ ነው፤ ለሚሰማ ሰው ግን የሚያውቀው ሰው የሚያናግረው ያህል ነው።

ዛሬ ዘፈኖቹ በስልክና በኢንተርኔት ይገኛሉ። ብዙዎቹ ፋይሎች ግን ከተገለበጡ ካሴቶች የተወሰዱ በመሆናቸው የባንዱ፣ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም አብሯቸው የለም። አንዱ ዘፈን በሁለት ርእስ፣ የክብር ዘበኛው ቅጂ በሮሃው ስም ተሰይሞ ይገኛል። በሸክላው ክብ ወረቀት ላይ የታተሙት ስሞች ያሉት ሸክላውን ሳይሰብሩ ባቆዩ ሰዎች እጅ ነው።