መሐመድ ዓሊ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል



በመስጊድ መታሰቢያ መድበል ውስጥ ክርስትና ስለ ተነሣ ንጉሥ መጻፉ ምን ይጠቅማል የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የወጣው አዋጅ የእያንዳንዳችሁን ቅድመ አያት ደጅ ከማንኳኳቱ በፊት መጀመሪያ ያረፈው በዚህ ሰው ላይ ነበር። የእርሳቸውን ሕይወት ሳናውቅ የራሳችንን ቤት ታሪክ በሙሉ ማወቅ አንችልም።

መሐመድ ዓሊ የተወለዱት በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ፣ እናታቸው ወይዘሮ ጌቲ ይባላሉ። የዘር ሐረጋቸው ወረ ሂመኖን ማዕከል አድርገው ወሎን ለብዙ ትውልድ ከገዙት ከማመዶች ይመዘዛል። የዚህ ቤት ገዢዎች ኢማም እየተባሉ ይጠሩ እንደ ነበር አባቶቻችሁ ሳይነግሯችሁ አይቀርም። ኢማምነቱ የሃይማኖት መሪነትና የአገር ገዢነት አንድ ላይ የተያዘበት ማዕረግ ነበር።

ልጅነታቸው ያለፈው በመከራ ዘመን ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መቅደላን ከያዙ ወዲህ ወሎ ከዘመቻ አላረፈችም። የአገሩ መኳንንት ልጆች በመያዣነት በአምባው ላይ ይታሰሩ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ሲያልፉ፣ ቴዎድሮስ በቁጣ የወይዘሮ ወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉ። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸው በዚያው አምባ ላይ ሲሞቱ ወሎ በአንድ ቤት ተወላጆች መካከል የሥልጣን መሻሚያ ሆና ቀረች። መሐመድ ዓሊም ከተቀናቃኛቸው ከአመዴ ሊበን ጋር የተፎካከሩት በዚህ ጊዜ ነው። ከደቡብ የሸዋው ምኒልክ፣ ከሰሜን አፄ ዮሐንስ ይገፉ ነበርና፣ ከሁለቱ በአንዱ ሳይጠጉ ወሎን መግዛት የማይቻል ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ገበሩ። በዚያው ዓመት ሁለቱ ከደሴ በስተሰሜን በምታውቁት በቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው የተጠራው የክርስቲያኖችን የሃይማኖት ክርክር ለመቁረጥ ቢሆንም የወሎን ሙስሊም ሳይነካ አላለፈም። ንጉሠ ነገሥቱ አገሪቱን በአንድ ሃይማኖት አንድ ለማድረግ ቆርጠው ነበርና፣ ለተራው ሙስሊም ክርስትና የሚነሣበት የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጠው። ሹማምንቱ ግን ያን ያህል ፋታ አላገኙም። ምርጫቸው ከሹመታቸውና ከሃይማኖታቸው አንዱን መልቀቅ ነበር።

ኢማም መሐመድ ዓሊ አፄ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ተጠመቁ፤ ራስ ሚካኤልም ተባሉ። አመዴ ሊበንም ምኒልክን የክርስትና አባት አድርገው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሁለቱ ተቀናቃኞች በአንድ ወቅት ስማቸውንም ሃይማኖታቸውንም ለወጡ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። መሪው ሲጠመቅ ሕዝቡ ምን አደረገ? ከፊሉ ተጠመቀ። ከፊሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን እየታየ ሌሊት በቤቱ ሰላቱን ይሰግድ ነበር። ከፊሉ አገሩን ጥሎ ወደ ቆላውና ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። ሌሎች ደግሞ በነሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር መሪነት በቃሉ በኩል መሣሪያ አነሡ። ዓመፁን ለማብረድ የዘመተው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በሕዝቡ ላይ ብዙ ግፍ ፈጽሟል። በዚያን ጊዜ ራስ ሚካኤል የቆሙት በንጉሠ ነገሥቱ ወገን ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም። ለሃይማኖታቸው ሲሉ የተሰደዱትንና የሞቱትን ዑለማዎች የምናከብር ከሆነ የወሎው ገዢ በማን ጎን እንደ ነበሩም በግልጽ መናገር አለብን።

ይሁን እንጂ ታሪካቸው በዚህ አያበቃም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራስ ሚካኤል ከምኒልክ ጋር ሆኑ። ምኒልክ በግድ የማጥመቁን ፖሊሲ አልገፉበትም፤ በልቡ ሙስሊም ሆኖ የቆየው የወሎ ሕዝብም ቀስ በቀስ ወደ መስጊዱና ወደ ሐድራው ተመለሰ። የሦስት ዓመቱ አዋጅ በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ኃይሉን አጣ። ራስ ሚካኤል ራሳቸው ግን ወደ ቀድሞው ሃይማኖታቸው አልተመለሱም። በክርስትናቸው ጸንተው አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፤ ወሎንም እንደ ገና ለማስገደድ አልተነሡም።

በዚያው በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን፣ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ፣ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈራረሙ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ መገኘቱና ከዚህም የተነሣ ጦርነት መምጣቱ የታወቀ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ መርተው በማርያም ሸዊቶ በኩል በጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ ተሰለፉ፤ ብርጌዱም ተደመሰሰ። በዚያ ፈረሰኛ መካከል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበረ።

ራስ ሚካኤል ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጉ። እዚያ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ የሚባል ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው እንግዳን ሁሉ ሳይለይ ያስተናግድ ስለ ነበር ነው እየተባለ ይነገራል። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተውም ልጅ ኢያሱን ወለዱ። ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሆነው ታወጁ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም፣ በግንቦት 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ደሴ ላይ ዘውድ ጫኑ።

ልጅ ኢያሱ ከሐረርና ከኦጋዴን ሙስሊሞች ጋር ተወዳጁ፤ ከሙስሊም ባላባቶችም ጋር በጋብቻ ተዛመዱ። ሙስሊሙን ከአገሩ ጉዳይ ውጭ አድርጎ መግዛት እንደማይቻል የተረዱ ይመስላል። ጊዜው ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበርና እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ወዳጅነቱን በክፉ ዓይን አዩት። የሸዋ መኳንንትም ኢያሱን ሰልመዋል ብለው ከሰሷቸው፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው። መስለም አለመስለማቸው እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። ለእኛ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። አባቱን ለሹመት ሲባል ያስጠመቀው ሥርዓት፣ ከ38 ዓመታት በኋላ ልጁን በስልምና ከስሶ ሻረው። በሁለቱም ጊዜ ሃይማኖት የሥልጣን መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ድል አድርገው ራስ ልዑል ሰገድን ገደሉ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከዚያም ወሎ በሸዋ ጦር ተዘረፈች። ንጉሡ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ ልጅ ኢያሱም ከብዙ ዓመታት እስር በኋላ በ1928 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ በንጉሥ ሚካኤል ላይ ምን እንፍረድ? ልባቸውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኛ ልንመዝን የምንችለው በግልጽ የታየውን ነው። ሹመታቸውን ለማቆየት ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፤ በግፉ ዘመንም ከግፈኛው ጎን ቆመዋል። በኋላ ግን ሁለቱንም ሃይማኖት የያዘ ሕዝብ ይዘው ገዝተዋል። ከእርሳቸው ይልቅ የጸናው ስሙ ያልተጻፈው ገበሬ ነው። ዒዳችን በመንግሥት ዘንድ የሕዝብ በዓል ሆኖ የታወቀው በ1967 ዓ.ም. ነበርና፣ ከቦሩ ሜዳ እስከዚያ ድረስ 97 ዓመት ያን እምነት ያቆየው ይኸው ገበሬ ከነልጆቹ ነው።

የዚያን ዘመን አሻራ በየቤታችሁ ታገኙታላችሁ። በሐይቅና በአምባሰል አያቱ መሐመድ፣ የአያቱ ወንድም ገብረ ሚካኤል የሆነ ሰው ብርቅ አይደለም። ይህን እንደ ነውር የሚያዩ አሉ፤ እንደ ነውር መታየት ግን የለበትም። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው በአዋጅ የተለያዩ ወንድማማቾች ልጆች ዛሬም በኀዘንና በሠርግ ይገናኛሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሐይቅና ውጫሌ ሲዘልቅም መከራው ሁለቱንም አንድ ላይ አግኝቷቸዋል። አንዱን ወንድም በሌላው ላይ ለማነሣሣት ሃይማኖትን የሚጠራ ሰው ሲመጣ ቦሩ ሜዳንና ሰገሌን አስታውሱ።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለ። በየቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ በዚያ ዘመን ማን እንደ ተጠመቀ፣ ማን እንደ ተሰደደ፣ ማን በሌሊት እንደ ሰገደ ስማቸውን ጻፉ። የንጉሡ ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ የእነርሱ ግን እናንተ ካልጻፋችሁት ይጠፋል።

ወላሁ አዕለም።