የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሕይወት ከዘመድ አፍና ከጽሑፍ

ሰው የአያቱን ታሪክ ለማወቅ ሲነሣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ጽሑፍ ይመረምራል፤ በመጨረሻም መቃብሩን ይሳለማል። የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የልጅ ልጆች ግን ሦስተኛው አልተገኘላቸውም። ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ አያታቸው በሞቱ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ስለዚህ የአያታቸውን ነገር የሚያገኙት ካዩት ሰዎች አፍና ከቀረው ጽሑፍ ብቻ ነበር። እኛም የመቀሌ ተማሪዎች የምንከተለው ያንኑ መንገድ ነው።

ካሣ ምርጫ በ1829 ዓ.ም. በተምቤን፣ ማይ በሃ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ናቸው። ቤተሰቡ ትውልዱን እስከ ራስ ሚካኤል ስሑል ይቆጥራል። ካሣ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው ኃይላቸውን አጠነከሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ስለ ረዱት መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ማረኩ። የተማረከው ንጉሥ የእኅታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ባል ነበርና ድሉ ለቤተሰቡ ደስታም ኀዘንም ሆነ። በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ።

በነገሡ በዚያው ዓመት ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተመለሰም። ይህ ነገር ንጉሡ ራሳቸው የአባቶችን መዝገብ ፈላጊ እንደ ነበሩ ያሳያል።

በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በጉንደትና በጉራዕ መቱ። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገበሩላቸው። በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ተገደዱ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስለ ከዱ ጎጃም በሠራዊታቸው ተዘረፈ። በተምቤን ስለ ንጉሡ ጀግንነት የሚነገረው ልጅ በወሎና በጎጃም ካለው እኩያው ጋር ቢገናኝ ሁለቱ የሰሙት አንድ አይሆንም። ታሪክ የሚማር ሰው ሁለቱንም መስማት አለበት።

መቀሌን ከተማቸው አደረጉ፤ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮም ጣሊያናዊው አናጢ ናሬቲ ቤተ መንግሥቱን በድንጋይ ሠራላቸው። ከእንጨት የተቀረጸውም ዙፋናቸው የዚሁ ሰው ሥራ ነው። ሰላሙ ግን አልሰነበተም። በ1877 ዓ.ም. ጣሊያኖች ምጽዋን ያዙ፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ መቷቸው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ የዘውዱ ተስፋ የነበረው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሞተ።

ንጉሡ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ጥይት መታቸው። ድል ወደ እርሳቸው ካዘነበለ በኋላ ሠራዊቱ መቍሰላቸውን ሲሰማ ተፈታ። በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው ልጅ ይባሉ የነበሩትን መንገሻን ልጄ ናቸው ብለው ተናዘዙ፤ ወራሽም አደረጓቸው። የራስ ሥዩም አያትነታቸው የታወቀው በዚህ ኑዛዜ ነው። አስከሬናቸውን ድርቡሾች ማረኩ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

እነሆ ለልጅ ልጆቻቸው መቃብር አልቀረም። ራስ ሥዩም ግን በ1928 ዓ.ም. አያታቸው በተወለዱበት በተምቤን ምድር ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋጉ። መቃብር ባይኖርም አደራው ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

እኛም በመቀሌ ድንጋዩን ቤተ መንግሥት እያየን አድገናል፤ ግድግዳው ግን ዝም ይላል። ስለዚህ እኩዮቼ ሆይ፣ በየቤታችሁ ያሉትን አያቶች ጠይቁ፤ የሚሏችሁንም ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ሽማግሌ ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ የለም።